ከሙኒክ በኋላ ለማንቼ ተጫዋች የሰጠው ክለብ፦ ስለ ቢሾፕ ኦክላንድ እናውራ

ቀዩ_ዘሚካኤል

እዚህ ቤት የማንቼ (የማንችስተር ዩናይትድ) ደጋፊ ሞልቷል፤ ሙኒክን የማያውቅ የለም። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1958 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቡድኑ ከቤልግሬድ ሲመለስ አውሮፕላኑ ነዳጅ ሊቀዳ ሙኒክ አረፈ። እንደገና ሊነሳ ሲሞክር ተከሰከሰ። 23 ሰው አለቀ። ስምንቱ ተጫዋቾች ነበሩ። አሰልጣኙ ማት ባዝቢ በሞትና በሕይወት መካከል ሆኖ ሆስፒታል ተኛ።

ይህን ሁላችንም ሰምተነዋል። እኔ ማውራት የፈለግኩት ስለ ቀጣዮቹ ሳምንታት ነው።

ውድድሩ ለሐዘን ብሎ ለረጅም ጊዜ አልቆመም። ከ13 ቀን በኋላ ዩናይትድ ከሼፊልድ ዌንስዴይ ጋር የኤፍ ኤ ካፕ (የእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ) ጨዋታ ነበረው። የዕለቱ መጽሔት ማተሚያ ቤት ሲገባ ማን እንደሚሰለፍ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስለዚህ በዩናይትድ በኩል ስም ሳይሆን 11 ባዶ ቦታ ታተመ። ያን መጽሔት በፎቶ ያየ ሰው አይረሳውም። ዌንስዴይ ተሟልቶ ተሰድሯል፣ ጎኑ ያለው ዓምድ ባዶ ነው።

ዋናውን ቡድን ለመሙላት የቢ ቡድኑና የታዳጊው ልጆች ወደ ላይ ተጠሩ። ያኔ ደግሞ ቢ ቡድኑ ሰው አጣ። እሱም የራሱ ሊግ አለው፤ በየሳምንቱ መጫወት አለበት። የባዝቢ ረዳት ጂሚ መርፊ ከየት ያምጣ?

እጁን የዘረጋለት ከሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ደርሃም ከሚባለው የድንጋይ ከሰል አገር የመጣ የአማተር ክለብ ነው። ስሙ ቢሾፕ ኦክላንድ። ቦብ ሃርዲስቲ፣ ዴሪክ ሌዊን እና ዋረን ብራድሊ የሚባሉ ሦስት ሰዎች ወደ ዩናይትድ ሜዳ፣ ኦልድ ትራፎርድ ሄዱ።

ለምን እነሱ? ነገሩ የቆየ ትውውቅ ነው። ባዝቢ በ1948ቱ የለንደን ኦሊምፒክ የታላቋ ብሪታኒያን ቡድን አሰልጥኖ ነበር። አማተሮች ብቻ የሚጫወቱበት ቡድን ነው፤ አራተኛ ሆኖ ጨረሰ። ሃርዲስቲ የዚያ ቡድን ተጫዋች ነበር። አደጋው ሲደርስ 37 ዓመት ሞልቶታል፣ ራሱም ከተመለጠ ቆይቷል፣ ኳስም በቃኝ ብሎ ነበር። ተጠራ፣ ሄደ።

የዚህን ክለብ ታሪክ እያነበብኩ ሰንብቻለሁ። የምታውቁ ጨምሩበት።

የጉለሌው_ልጅ

በስመአብ። ስንት ዓመት ማንቼን ደግፌ ይህን ክለብ ሰምቼው አላውቅም። ስንተኛ ዲቪዚዮን ነው? ሻምፒዮንሺፕ ነው ወይስ ከዚያ በታች?

ቀዩ_ዘሚካኤል

ከዚያ በጣም በታች ነው ወንድሜ። ፕሪሚየር ሊግ፣ ሻምፒዮንሺፕ፣ ሊግ ዋን፣ ሊግ ቱ። እነዚህ አራቱ 92 ክለቦች አሏቸው። ከእነሱ በታች ያለው በሙሉ «ከሊግ ውጪ» ይባላል። አባባሉ ሊግ የላቸውም ማለት አይደለም። ሊጎቻቸው ብዙ ናቸው፣ እርከን በእርከን እስከ መንደር ይወርዳሉ። ቢሾፕ ኦክላንድ እዚያ ውስጥ ነው።

አጀማመሩም ይገርማል። የደርሃም ጳጳስ መኖሪያ ኦክላንድ ካስል የሚባል ግንብ ነበር፤ ቢሾፕ ኦክላንድ ከተማ መሀል አለ። በ1880ዎቹ ጳጳሱ ጆሴፍ ላይትፉት ከኦክስፎርድና ከኬምብሪጅ የተመረቁ ወጣቶችን እዚያ አስቀምጦ ለክህነት ያዘጋጅ ነበር። ልጆቹ ቀን ቀን በማዕድን ሠፈሮቹ ይሰብካሉ፣ ያስተምራሉ። ከሰዓት ኳስ ይጫወታሉ። ክለቡ የበቀለው ከእነሱ ነው። የመለያው ቀለም የዚያ ምልክት ነው። ጥቁር ሰማያዊው የኦክስፎርድ፣ ፈካ ያለው የኬምብሪጅ። እስከ ዛሬ አልቀየሩትም።

ትንሽ ቆይቶ ሜዳውን የአካባቢው ሠራተኛ ወረሰው። የከሰል ቆፋሪ ልጅ፣ የባቡር ሠራተኛ፣ አስተማሪ። ከዚያ ዋንጫው መጣ። የኤፍ ኤ አማተር ካፕ የሚባል ውድድር ከ1893 እስከ 1974 ነበር። ቢሾፕ ኦክላንድ 18 ጊዜ ለፍጻሜ ደረሰ፣ 10 ጊዜ ወሰደ። ከእሱ ቀጥለው ያሉት ክላፕተንና ክሩክ ታውን አምስት አምስት ብቻ ነው ያላቸው። በ1955፣ በ1956 እና በ1957 ደግሞ በተከታታይ ሦስት ጊዜ፣ ሦስቱንም ፍጻሜ ለንደን ባለው ትልቁ ስታዲየም፣ ዌምብሌይ ላይ ጀምሮ። የመካከለኛው በድጋሚ ጨዋታ ሚድልስብራ ላይ ነው ያለቀው፤ ኮሪንቲያን ካዙዋልስን 4 ለ 1።

አንፊልድ_ማታ

ዘሚካኤል፣ ዋናውን ሰው ዘለልከው። ሆን ብለህ ይመስለኛል 😄

ቦብ ፔዝሊ! ሊቨርፑልን ይዞ ሦስት ጊዜ የአውሮፓ ዋንጫ፣ ስድስት ጊዜ ሊግ ያነሳው ሰውዬ። ከደርሃም ከሰል አገር ነው፣ ሄተን ሊ ሆል ከምትባል መንደር። ሰንደርላንድ በቁመቱ ምክንያት አልፈልግህም አለው። ግንበኝነት እየተማረ ለቢሾፕ ኦክላንድ ተጫወተ። በ1939 የአማተር ዋንጫውን አነሳ፣ ጎረቤታቸውን ዊሊንግተንን 3 ለ 0 በጭማሪ ሰዓት። ጨዋታው የተደረገው እዚያው አልፈልግህም ያለው የሰንደርላንድ ሜዳ ላይ ነው። ወዲያው በግንቦት ሊቨርፑል ገባ። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ለክለቡ በሊግ ለመሰለፍ እስከ 1946 ጠበቀ።

ቀዩ_ዘሚካኤል

እሺ፣ ተያዝኩ። ሊቨርፑልን ባላነሳ ደስ ይለኝ ነበር።

ሰላም_ከቦሌ

ጥያቄ አለኝ። አማተር ማለት ደሞዝ የለም ማለት ነው አይደል? ዌምብሌይ ሞልቶ ይጫወታሉ፣ ሕዝቡ ትኬት ቆርጦ ይገባል፣ ተጫዋቹ ግን ምንም አያገኝም? እውነት ነው ይሄ? ማንስ ይበላዋል ገንዘቡን?

ሰሜን_ነፋስ

ሰላም፣ ጥሩ ቦታ ላይ ነው የነካሽው። እኔ የምኖረው ኒውካስል ነው፤ እዚህ ሽማግሌዎች ይህን ሲያወሩ ፊታቸው ላይ ፈገግታ አለ።

መጀመሪያ የሕዝቡን ብዛት ልንገራችሁ። በ1954 ፍጻሜው በቢሾፕ ኦክላንድና በክሩክ ታውን መካከል ነበር። ሁለቱ ከተሞች በ8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት። ሁለቱም ትንንሽ ናቸው። ዌምብሌይ 100 ሺህ ሰው ገባ። 2 ለ 2። በድጋሚ ኒውካስል፣ ሴንት ጀምስ ፓርክ ላይ ተገናኙ። ከ50 ሺህ በላይ ሰው። ደግሞ 2 ለ 2። ሦስተኛው ሚድልስብራ ላይ ሆነ፤ ክሩክ 1 ለ 0 አሸነፈ። በሦስቱ ጨዋታዎች ከ190 ሺህ በላይ ትኬት ተቆርጧል። አማተር ነው እንግዲህ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሕጉ ለተጫዋች ደሞዝ ይከለክላል። የሚፈቀደው የመንገድና የመሳሰለው ወጪ ነው። ግን ጥሩ ተጫዋች ሁሉም ይፈልገዋል። ስለዚህ ጨዋታው አልቆ ታጥቦ ሲመለስ ጫማው ውስጥ የተጣጠፈ ብር ያገኛል። ማን እንዳስቀመጠው አይጠየቅም። የጫማ ገንዘብ ይሉታል። የትራንስፖርት ሂሳብም አለ፤ በእግሩ የመጣው ከሩቅ በባቡር እንደመጣ ተደርጎ ይጻፍለታል።

አንዳንዴ ይፈነዳል። በ1920ዎቹ መጨረሻ ክሩክ ታውን ለተጫዋች ከፍሏል ተብሎ ተቀጣ። ክሩክ ብቻውን መውደቅ አልፈለገም፤ ሌሎቹም ይከፍላሉ ብሎ አጋለጠ። በሰሜን ምሥራቅ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተጫዋቾች ታገዱ። «ሁላችንም ነን» ማለት እንዲህ ነው።

ሰላም፣ ማን ይበላዋል ላልሽው፦ የፍጻሜው ገቢ ለክለቦቹና ለፌዴሬሽኑ ነው የሚሄደው። ተጫዋቹ ሰኞ ጠዋት ሥራ ይገባል።

ጋሽ_ታዬ

ልጆች፣ ይህ እኮ ለእኛ አዲስ አይደለም። በእኛ ጊዜ ተጫዋች «ሠራተኛ» ነበር። መብራት ኃይል፣ መድን፣ ባንኮች፣ መቻል፣ ኦሜድላ፣ ጥጥ ማኅበር። ስሙን ስትሰሙ የመሥሪያ ቤት ዝርዝር ነው የሚመስለው። ልጁ መዝገብ ላይ ጸሐፊ ወይም መካኒክ ተብሎ ይቀጠራል። ደሞዙን በዚያ ይወስዳል። ጠረጴዛው ጋ ብትሄዱ ግን አታገኙትም፣ ልምምድ ላይ ነው። አለቃውም ደጋፊ ስለሆነ አይጠይቅም። ማንም እንደ ነውር አያየውም ነበር፤ ልጁ ጉዳት ቢደርስበት ሥራው ይቆየዋል፣ ጡረታም አለው።

እንግሊዞቹ ጫማ ውስጥ ከሚደብቁት የእኛው አይሻልም?

ሰሜን_ነፋስ

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት በትክክል ይገጥማል። ልዩነቱ እንግሊዝ አገር ነገሩ የመደብ ጉዳይ ነበር። አማተርነትን ሕግ አድርገው ያወጡት ደሞዝ የማያስፈልጋቸው ጌቶች ናቸው። ቅዳሜ ከሥራ የቀረ የከሰል ቆፋሪ ግን የዕለት እንጀራው ይቀርበታል። ለእሱ በነጻ ተጫወት ማለት ቀልድ ነው።

የ1951ዱን ፍጻሜ እዩ። ቢሾፕ ኦክላንድ ዌምብሌይ ላይ ከፔጋሰስ ጋር ተጋጠመ። ፔጋሰስ ማለት ከኦክስፎርድና ከኬምብሪጅ ተማሪዎች የተውጣጣ ቡድን ነው። 100 ሺህ ሰው ፊት ፔጋሰስ 2 ለ 1 አሸነፈ። የኦክስፎርድና የኬምብሪጅን ቀለም ለብሶ የገባው የደርሃም ቡድን በኦክስፎርድና በኬምብሪጅ ልጆች ተሸነፈ። ያን ቀን የደቡብ ጋዜጦች ደስታቸው አይጣል ነው።

ቀዩ_ዘሚካኤል

ቆይ ቆይ፣ ክሩን ወደ ሙስና ቀየራችሁት። ከማንቼ ጋር ያለው ጉዳይ ላይ ገንዘብ አልነበረም። ሃርዲስቲ ጫማ ውስጥ ብር ፍለጋ አይደለም ማንችስተር የሄደው።

ሰሜን_ነፋስ

እሱማ አልተባለም። ሃርዲስቲ ስሙ እዚህ ይከበራል። እኔ የምለው ግን እነዚህን ሰዎች ጻድቃን አናድርጋቸው ነው። በዚያ ዘመን የነበረ ትልቅ የአማተር ክለብ ከጫማ ገንዘብ ንጹሕ ነበር ብሎ የሚምል ሰው ሰሜን ምሥራቅ ውስጥ አታገኝም። በጎ ሥራም ሠርተዋል፤ ሁለቱም አብሮ ይሄዳል።

ሰማያዊው_ቼልሲ

የእኛንም ጨምሩ። ሼመስ ኦኮኔል። የቢሾፕ ኦክላንድ አጥቂ፣ የካርላይል የከብት ነጋዴ ልጅ። አማተር እንደሆነ ለቼልሲ ይጫወት ነበር፤ ያኔ ይፈቀድ ነበር። ኦክቶበር 1954 ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። ከማን ጋር? ከማንችስተር ዩናይትድ ጋር። ሃትሪክ ሠራ፣ ሦስት ግብ!

ቀዩ_ዘሚካኤል

ውጤቱን ለምን አትነግራቸውም?

ሰማያዊው_ቼልሲ

6 ለ 5 ተሸነፍን 😅 ግን በዚያው ዓመት ሊጉን ወስደናል። 1955፣ የቼልሲ የመጀመሪያው የሊግ ዋንጫ። ከብት ነጋዴ ሳምንቱን ገበያ ውሎ፣ ቅዳሜ ለሊጉ ሻምፒዮን ግብ እያስቆጠረ፣ አንዲት ሳንቲም ደሞዝ ሳይኖረው። አሁን ብትነግራቸው ማን ያምንሃል?

የጉለሌው_ልጅ

እንግዲያውስ ማንቼን ያዳነው ቢሾፕ ኦክላንድ ነው ማለት ነው። እነሱ ባይኖሩ ክለቡ ፈርሶ ነበር። ይህን ነገር ዲኤስቲቪ ቤት ሄጄ ነው የማወራው።

ሰሜን_ነፋስ

አይ፣ እንደዚያ ብለህ አታውራ፣ የሚያውቅ ሰው ካለ ያዋርድሃል። ዋናውን ቡድን የሞሉት በአብዛኛው የራሱ የዩናይትድ ልጆች ናቸው። ከውጭ በአስቸኳይ የተገዙ ሁለት ነበሩ፤ ኧርኒ ቴይለር ከብላክፑል፣ ስታን ክራውዘር ከአስቶን ቪላ። ክራውዘር የፈረመው ከሼፊልድ ዌንስዴይ ጋር የሚደረገው ጨዋታ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነው። በዚያ ዓመት ለቪላ በኤፍ ኤ ካፕ ስለተጫወተ ሕጉ አይፈቅድለትም ነበር፤ ፌዴሬሽኑ ለዚያ ጊዜ ሲል አለፈው። ዩናይትድ 3 ለ 0 አሸነፈ።

ሃርዲስቲና ሌዊን ያገዙት ቢ ቡድኑን ነው። ሥራው ቀላል አይደለም። የ17 እና የ18 ዓመት ልጆች ጓደኞቻቸውን ቀብረው ወደ ሜዳ ይወጣሉ። መሀላቸው ራሱ የተመለጠ፣ ዌምብሌይን ደጋግሞ ያየ ሰው ቆሞ «ወዲህ በል፣ ያዛት፣ ስጠኝ» ይላቸዋል። የሰውዬው ሙያም ስፖርት ማስተማር ነበር። ግን «ክለቡን አዳነ» ሌላ ነገር ነው።

ከሦስቱ ዋናው ቡድን የደረሰው ብራድሊ ነው። እሱ ለብቻው ክር ይበቃዋል።

ሰላም_ከቦሌ

ለብቻው ክር አትክፈት፣ እዚሁ ጻፈው።

ሰሜን_ነፋስ

እሺ 😄

ዋረን ብራድሊ፣ የቀኝ ክንፍ። አጭር፣ ፈጣን። ማንችስተር አጠገብ ሃይድ ነው የተወለደው፤ ደርሃም ዩኒቨርሲቲ ሲማር ነው ቢሾፕ ኦክላንድ የገባው። በ1956 እና በ1957 ዋንጫውን አነሳ። ትምህርቱን ሲጨርስ አስተማሪ ሆነ።

ማንችስተር ለእገዛ ብሎ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። በኖቬምበር 1958 ዩናይትድ ፕሮፌሽናል አድርጎ አስፈረመው፣ ግን በትርፍ ሰዓት። ማስተማሩን አልተወም። ሳምንቱን ክፍል ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ ከቦቢ ቻርልተን ጋር ይሰለፋል። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን በ24 የሊግ ጨዋታ 12 ግብ አስቆጠረ። ከአደጋው አንድ ዓመት ብቻ ያለፈው ዩናይትድ ሊጉን ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ።

በሜይ 1959 ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተጠራ፤ ዌምብሌይ ላይ ከጣሊያን ጋር። 2 ለ 2 ወጡ። አንዱን ቻርልተን፣ አንዱን ብራድሊ ነው ያገቡት። በአንድ የውድድር ዘመን ለእንግሊዝ የአማተር ቡድንም ለዋናውም የተጫወተ ብቸኛው ሰው እሱ ነው። ለዋናው ሦስት ጊዜ ብቻ ተሰለፈ፣ ሁለት ግብ አገባ። ኳስ ሲያቆም ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰ፣ ርዕሰ መምህር ሆነ። በ2007 ነው ያረፈው።

ጋሽ_ታዬ

ተማሪዎቹ ሰኞ ጠዋት የቤት ሥራ ሠርተው ይመጡ ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ ብሆን ስለ ቅዳሜው ጨዋታ ብቻ ነበር የምጠይቀው።

መድፈኛው

ዩናይትድ አለ፣ ሊቨርፑል አለ፣ ቼልሲም ተንጠላጠለ። አርሴስ (አርሰናል)? የእኛ ግንኙነት የለም?

አንፊልድ_ማታ

አርሴ ዋንጫ ሲነሳ የለም፣ ልማዱ ነው።

ሰሜን_ነፋስ

መድፈኛው፣ አለ። እንዲያውም የአንተ ከሁሉም ይበልጣል። ግን የቢሾፕ ኦክላንድ ሳይሆን የጎረቤቱ የዌስት ኦክላንድ ታሪክ ነው። በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ መንደር ናት።

በ1909 ቶማስ ሊፕተን (አዎ፣ ሻዩ ላይ ስሙ ያለው ሰውዬ) ቱሪን ከተማ ላይ የዓለም አቀፍ ውድድር ዋንጫ አቀረበ። ይህ እንግዲህ ፊፋ የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ ከማዘጋጀቱ 21 ዓመት በፊት ነው። የጣሊያን፣ የጀርመንና የስዊዘርላንድ ቡድኖች ተጠሩ። የእንግሊዝ ፌዴሬሽን ቡድን አልልክም አለ። ከእንግሊዝ የሄደው ዌስት ኦክላንድ ነው። ከሰል ቆፋሪዎች። ገንዘብ የላቸውም፤ ዕቃቸውን ሸጠው የመንገድ ያሟሉ እንደነበሩ ይተረካል።

ታዲያ እንዴት እነሱ ተመረጡ? እዚህ የሚወራው እንዲህ ነው። ግብዣው «ደብልዩ ኤ» ለሚባል ክለብ ነበር፤ ዉልዊች አርሰናል ለማለት። ያኔ የአርሰናል ስም እንደዚያ ነበር። ደብዳቤው ተሳስቶ ዌስት ኦክላንድ ደረሰ።

ሄዱ። የሽቱትጋርትን ቡድን 2 ለ 0፣ በፍጻሜው የስዊዘርላንዱን ቪንተርቱርን 2 ለ 0 አሸነፉ። በ1911 ዋንጫውን ሊያስጠብቁ ተመለሱ። ፍጻሜው ከጁቬንቱስ ጋር። 6 ለ 1!

መድፈኛው

6 ለ 1 ጁቬን?! እና በእኛ ግብዣ? ስለዚህ ዋንጫው የእኛ ነው። ተመላሽ ይደረግ።

ሰላም_ከቦሌ

የደብዳቤው ነገር ግን እውነት ነው? በጣም ያማረ ታሪክ ስሰማ እጠራጠራለሁ።

ሰሜን_ነፋስ

ጥርጣሬሽ ልክ ነው ሰላም። ሰነድ የለውም፣ የመጠጥ ቤት ወሬ ነው። ሌሎች ደግሞ የሊፕተን ሠራተኛ የአካባቢው ሰው ነበር፣ እሱ ነው ያገናኛቸው ይላሉ። የተረጋገጠው መሄዳቸውና ሁለቱን ጊዜ ማሸነፋቸው ነው።

ዋንጫውም የራሱ ጉድ አለው። ሁለቴ ስላሸነፉ ለእነሱ ቀረ። ሲመለሱ ግን ክለቡ በጉዞው ወጪ ዕዳ ውስጥ ገብቷል። ለመንደሩ ሆቴል ባለቤት ለሆነች ሴት ዋንጫውን በ40 ፓውንድ አስያዙ። ለማስመለስ እስከ 1960 ፈጀባቸው፤ 100 ፓውንድ ተከፍሎ ተመለሰ። ከዚያ የሠራተኞች ክበብ ውስጥ ተቀመጠ። በጃንዋሪ 1994 ሌባ ሰብሮ ገብቶ ወሰደው። እስከ ዛሬ አልተገኘም። አሁን ያለው ቅጂ ነው።

መድፈኛው

ተመላሽ የሚለውን ጥያቄዬን አንስቻለሁ።

የጉለሌው_ልጅ

ወደ ቢሾፕ ኦክላንድ እንመለስ። 10 ዋንጫ ያለው ክለብ እንዴት አድርጎ ነው እንደዚህ የወደቀው? ፕሮፌሽናል ሆኖ ሊግ ውስጥ አይገባም ነበር? እንግዲህ 100 ሺህ ሰው ዌምብሌይ ይዞ ከሄደ።

ሰሜን_ነፋስ

ብዙ ነገር ተደራርቦ ነው። ግን ያኔ ከሊግ ክለቦች ያንሱ ነበር ብላችሁ እንዳታስቡ። በ1954/55 ኤፍ ኤ ካፕ ክሪስታል ፓላስን በሜዳው 4 ለ 2 ረቱ። ኢፕስዊች ሜዳ ላይ 2 ለ 2 ወጥተው በድጋሚው ከተማቸው ላይ 3 ለ 0 ሸኙት። አራተኛው ዙር ላይ ነው ዮርክ ያስቆማቸው።

አንዱ ችግር ሜዳው ነው። ኪንግስዌይ ይባል ነበር፣ መሀል ከተማ። ከክሪኬት ክለቡ ጋር የሚጋሩት ሜዳ ነው። በአንድ በኩል የክሪኬቱ ሣር ስለሆነ መቀመጫ መሥራት፣ ማጠር አይቻልም። ሦስት ጎኑ የኳስ ሜዳ፣ አራተኛው ባዶ መስክ። ኳሷ ወደዚያ ከሄደች ሩጫ ነው። የድሮ ፎቶዎች ላይ ታዩታላችሁ፤ ሕዝቡ በሦስት በኩል ታጭቆ ቆሟል፣ በአራተኛው በኩል ገላጣ። ይህን ይዞ ወደ ላይ ሊግ መግባት አይታሰብም።

ሁለተኛው፣ በ1974 የእንግሊዝ ፌዴሬሽን አማተርና ፕሮፌሽናል የሚለውን ልዩነት ሰረዘ። ሁሉም «ተጫዋች» ተባለ። የጫማ ገንዘቡ ጠረጴዛ ላይ ወጣ፣ የአማተር ዋንጫውም ቀረ። ይህ ክለብ የሚታወቅበት ነገር በአንድ ቀን ጠፋ።

ሦስተኛው እልህ ነው። ይጫወቱበት የነበረው ኖርዘርን ሊግ በ1889 የተመሠረተ ነው፤ ከዓለም በዕድሜ ሁለተኛው የእግር ኳስ ሊግ። ሌሎቹ ከታች ወደ ላይ በሚያሳድገው መሰላል ሲታቀፉ ኖርዘርን ሊግ አሻፈረኝ አለ። እኛ ከማንም አናንስም ባይ ነው። የገባው በ1991 ነው። በመሀሉ ሌሎች ሊጎች ጥለውት ሄዱ። ቢሾፕ ኦክላንድ ራሱ ሰልችቶት በ1988 ለቆ ወጥቷል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሦስቱ የከፋው ይሄኛው ነው። ሜዳ ይሠራል። የጠፋ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ግን አይመለስም።

ከሰል ማዕድኖቹም አንድ በአንድ ተዘጉ። ሰው ሥራ ፍለጋ ወጣ።

ጋሽ_ታዬ

ኪንግስዌይ አሁን አለ?

ሰሜን_ነፋስ

ክሪኬቱ አለ ጋሼ። ኳሱ በ2001 ለቆ ወጣ። ከዚያ ወደ አሥር ዓመት ገደማ በጎረቤት ክለቦች ሜዳ ተከራይ ሆኖ ተንከራተተ። ለቢሾፕ ኦክላንድ ደጋፊ ይህ ትልቅ ውርደት ነው፤ ድሮ የሚንቋቸው ጎረቤቶች ቤት ነው «የሜዳችን ጨዋታ» ብሎ የሚገባው። በ2010 ሄሪቴጅ ፓርክ የሚባል የራሱን ሜዳ ከከተማው ወጣ ብሎ ሠራ።

ሄጄ አይቻለሁ። ሱቆችና የመኪና መሸጫዎች መሀል ነው ያለው። ንጹሕ ነው፣ መቀመጫ አለው፣ ነፋሱ ግን አጥንት ይገባል። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ሰማያዊ ሻርፕ ጠምጥመው፣ ሻይ በሁለት እጃቸው ይዘው ዳኛውን ሲሰድቡ ነበር። የማንቼን ነገር ሳነሳባቸው «እነሱም አልረሱንም» አሉኝ። በ1996 ክለቡ ገንዘብ ቸግሮት ሊዘጋ ሲል ዩናይትድ ገቢ ማሰባሰቢያ ላይ ደርሶለታል። ከዚያ ወደ ዳኛው ተመለሱ።

ቀዩ_ዘሚካኤል

እኔም እሱን ነበር ልጨምር የፈለግኩት፣ ቀደምከኝ። ከ38 ዓመት በኋላ ነው። ስለ ዘመኑ ማንቼ የፈለጋችሁትን በሉ፣ ይህን አልሰጣችሁም።

አንፊልድ_ማታ

ስለ ዘመኑ ማንቼ የምንለው ብዙ ነው፣ ግን ለዛሬ ትተንልሃል።

ሰላም_ከቦሌ

የመጨረሻ ጥያቄ። 10 ዋንጫው እንግዲህ ሪከርድ ሆኖ ቀረ ማለት ነው፣ ውድድሩ ስለሌለ። በቦታው የመጣ ነገር የለም?

ሰሜን_ነፋስ

አለ፤ ኤፍ ኤ ቬዝ ይባላል። ለታችኞቹ እርከኖች ነው፣ በ1974/75 የጀመረ። ፍጻሜው አሁንም ዌምብሌይ ነው። የሰሜን ምሥራቅ ክለቦች አንድ ሰሞን እንደ ግል ንብረታቸው አድርገውት ነበር። ዊትሊ ቤይ ብቻውን ከ2009 እስከ 2011 ሦስት ጊዜ በተከታታይ ወሰደ። ከዚያ ደንስተን፣ ስፔኒሙር፣ ኖርዝ ሺልድስ፣ ሞርፔት፣ ሳውዝ ሺልድስ። ሁሉም በኒውካስል ዙሪያና በደርሃም ያሉ ናቸው።

የጉለሌው_ልጅ

ዌስት ኦክላንድስ? ጁቬን 6 ያገቡት?

ሰሜን_ነፋስ

ሁለት ጊዜ ፍጻሜ ደርሰዋል። በ2012 በደንስተን 2 ለ 0፣ በ2014 በሾሊንግ 1 ለ 0 ተሸነፉ። ዌምብሌይ አልሆነላቸውም፤ በ1961ም የአማተር ካፑ ፍጻሜ ላይ በዎልተምስቶው አቬኑ 2 ለ 1 ተሸንፈው ነው የተመለሱት።

መድፈኛው

ቱሪን ይደረግላቸዋ።